የኤንቢኤ ኦልስታር ድምጽ መስጫ ከጎንደር ሲታይ፦ ከ5 ኮከብ 3

ሰላም ጎንደሮች፣ ሰላም የቅርጫት ኳስ ወዳጆች። ይሄን የምጽፈው የዘንድሮው፣ ማለትም የ2025-26 ሲዝን፣ የኦልስታር (የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ምርጦች በየዓመቱ የሚሰለፉበት ጨዋታ) ድምጽ መስጫ ሊከፈት ሲል ነው፣ የአምናውን የ2024-25ን እንዴት እንዳገኘሁት ልጻፍላችሁ ብዬ (ዓመቱን በፈረንጆቹ፣ ወሩንና ሰዓቱን በኛ ነው የምቆጥረው)፣ እዚህ ከተማ ስለ ካፌ ስለ ሆቴል ስለ ስልክ ሪቪው የሚጽፍ ሞልቷል ስለዚህ ግን ሲጻፍ አላየሁም፣ ድምጽ የሚሰጠው ልጅ ደግሞ ማራኪ ብትሄዱ አዘዞ ብትሄዱ አለ፣ ስልኩን አውጥቶ ኩሪ ሌብሮን ብሎ ነካ ነካ አርጎ ይዘጋዋል። እኔ ግን ነገሩን ከልቤ ነው የማየው፣ ምክንያቱም ኦልስታር መባል ለአንድ ተጫዋች ዕድሜውን ሙሉ ከስሙ ጋር የሚሄድ ነገር ነው፣ ውል ሲፈራረም ይነሳል፣ ጡረታ ሲወጣ ይነሳል፣ ታሪኩ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚቆጠረው እሱ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ። ነጻ ነው፣ የኤንቢኤን አፕ አውርዳችሁ ወይ ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ አካውንት ትከፍታላችሁ በቃ፣ አሜሪካ ያለው ሰውና ቀበሌ 18 ያለው ሰው ድምፃቸው እኩል ነው። አምና በቀን አንዴ ነበር የሚፈቀደው፣ ሊጉ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ በሁለት ኮንፈረንስ ይከፈላል፣ ከምሥራቅ 2 ጋርድ (ኳስ የሚያደራጁት) 3 ፎርዋርድ ወይ ሴንተር (ቅርጫቱ አካባቢ የሚጫወቱት ረጃጅሞቹ)፣ ከምዕራብም እንደዛው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ድምጻችሁ በ3 ይባዛል ተብሎ ይነገራል ያን ቀን ማለፍ አይገባም። ዘንድሮ የቦታ ክፍፍሉ ቀርቷል፣ ከየኮንፈረንሱ የፈለጋችሁትን 5 ሰው ነው የምትመርጡት። ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ሦስት ምርጥ ጋርድ ባለበት ዓመት አንዱን ለቦታ ሲባል ማስቀረት ፍርደ ገምድልነት ነበር።

ጊዜውን በተመለከተ የአምናው የተዘጋው ጥር 12 በነሱ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በኛ ጥር 13 ጠዋት 2 ሰዓት ሊል አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ከተራ፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት ገብቶ እስኪያበቃ ጎንደር ውስጥ ስልክ የሚያይ የለም፣ ከየአገሩ የመጣው እንግዳ ቤቱን ሞልቶታል፣ ኔትወርኩም በሕዝቡ ብዛት ይጨናነቃል። ስለዚህ የኛ ልጆች ምክሬ ይሁናችሁ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት፣ በልደት ሰሞን ጨርሱት። ዳታ ብዙ አይበላም፣ ጠዋት ኔትወርኩ ቀለል ሲል ቢሞክሩት ይሻላል።

ቅር ያለኝ ስክሪኑ ነው። የተጫዋቹ ፎቶ አለ ስሙ አለ ቡድኑ አለ። ግን አንድ ሰው ዘንድሮ ስንት ጨዋታ ተሰልፏል፣ ቡድኑ ስንት አሸንፏል የሚለው እዛው ስሙ ስር በትልቁ ቢጻፍ እኮ ምርጫው ሌላ ይሆን ነበር! ለማወቅ ከፈለግክ ወጥተህ ሌላ ገጽ ከፍተህ ፈልገህ ትመለሳለህ፣ ማን ነው ይሄን ሁሉ የሚለፋ፣ ሰው የሚያውቀውን ስም ያያል ይነካል ያልፋል። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ።

አሁን ድምጻችን ምን ያህል ይቆጠራል ለሚለው፣ ዋናውን አምስት ተሰላፊ ለመምረጥ የደጋፊው ድምጽ 50 በመቶ፣ የተጫዋቾቹ 25፣ የጋዜጠኞቹ 25 ነው። ደረጃ ነው የሚደመረው፣ የደጋፊ ደረጃህ በ2 ተባዝቶ የሌሎቹ ሁለት ተጨምሮ ለ4 ይካፈላል፣ ትንሽ ያለው ይገባል። ለምሳሌ ከደጋፊ 1ኛ ሆነህ ከተጫዋችና ከጋዜጠኛ 5ኛ 5ኛ ብትሆን ውጤትህ 3 ነው፣ ከደጋፊ 2ኛ ሆኖ ከሁለቱም 1ኛ የሆነው ሰውዬ ደግሞ 1.5 ስለሚያመጣ ይቀድምሃል። ይሄ ሕግ የመጣው በ2017 ነው፣ ዓመት ቀደም ብሎ በ2016 ዛዛ ፓቹሊያ የሚባለው የጆርጂያ ሴንተር በአገሩ ሰዎች ድምጽ ለጥቂት ዋና ተሰላፊ ሊሆን ነበር፣ ካዋይ ሌናርድን ሊያስወጣው ማለት ነው። በ2017ም ደጋፊው ከምዕራብ ፎርዋርዶች 2ኛ አርጎት ነበር ግን አዲሱ ሕግ ያዘው። እኔ ይሄን ሕግ እደግፋለሁ፣ ዛዛን ጠልቼው አይደለም፣ ጠንካራ ሠራተኛ ተጫዋች ነበር፣ ግን ኦልስታር አልነበረም።

አምና ደግሞ ሕጉ የሆርኔትሱ ጋርድ ላሜሎ ቦል ላይ ሠራ። የጎረቤታችን ልጅ የ15 ዓመት ነው፣ ላሜሎ ለሱ ከሁሉ በላይ ነው፣ ከምሥራቅ ጋርዶች በደጋፊ ድምጽ 1ኛ ወጥቶ ሳይገባ ሲቀር፣ በተጠባባቂነትም እንኳ ሳይጠራ ሲቀር ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ ሕዝብ መርጦት እንዴት ይቀራል? በ25 ነጥብ?»

«25 ያገባል ልክ ነህ፣ ቡድኑ ግን ያሸንፋል ወይ?»

«ቡድኑ ደካማ ስለሆነ እኮ ነው!»

«እሺ ይሁን፣ በዓመቱ ስንት ጨዋታ ቀርቷል?»

ዝም አለ። ላሜሎ በዛ ሲዝን ከ82 ጨዋታ 47 ብቻ ነው የተጫወተው፣ ሆርኔትስ 19 አሸንፎ 63 ተሸነፈ። በጎንደር ልጆች ዓይን ያለው ግርማ ይገባኛል፣ ኳስ አያያዙ ያምራል፣ እኔም ሲጫወት ማየት ደስ ይለኛል፣ ግን የሱን ቦታ የያዙት ዶኖቫን ሚቸልና ጄለን ብራንሰን ናቸው፣ ሚቸል 64 ጨዋታ ያሸነፈው የክሊቭላንድ መሪ ነው፣ ብራንሰን ደግሞ ኒውዮርክ ላይ በጨዋታ 26 ነጥብና ከ7 በላይ አሲስት (ወደ ነጥብ የተቀየረ ማቀበል) እያረገ በአራተኛው ሩብ ኳስ የሚሰጠው ሰው ነው። እዚህ ላይ ሲስተሙ በትክክል ሠርቷል፣ ኮከብ ልቀንስበት አልችልም።

እኔ አንድ ሰው ይገባዋል የምለው እንዲህ ነው። በሲዝኑ እስከ ጥር ድረስ በሜዳ ላይ ተገኝቷል ወይ? ቡድኑ እሱ ሲገባና ሲወጣ ይለያያል ወይ? ተጋጣሚው በሱ ምክንያት አጨዋወቱን ይቀይራል ወይ? ካለፈው ታሪኩ፣ ከስንት ዋንጫ ከስንት ፎሎወር ምናምን ጋር ጉዳይ የለኝም። ታሪክ ለሆል ኦፍ ፌም (ለታላላቆቹ የክብር መዝገብ) ነው፣ ኦልስታር የዘንድሮ ነው።

በዚህ ሚዛን የአምናውን አሥር ተሰላፊ ስመዝነው ዘጠኙ ላይ ክርክር የለኝም። ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር 32.7 ነጥብ፣ ኦክላሆማ 68 ድል፣ በመጨረሻም ዋንጫውን ወሰደ ምን ይባላል። ዮኪች በጨዋታ በአማካይ ትሪፕል ደብል (ነጥቡ፣ ሪባውንዱ ማለትም የተሳተ ኳስ መያዙ፣ አሲስቱ ሦስቱም 10 እና ከዛ በላይ)። ያኒስ፣ ቴተም፣ ካርል አንቶኒ ታውንስ፣ ኩሪ ይሁን። ሌብሮንም በ40 ዓመቱ ወደ 24 ነጥብ ከ8 አሲስት ጋር ስለሚያመጣ አላነሳውም። የማልስማማው ዱራንት ላይ ነው፣ እኔ ብሆን የሱን ቦታ ለዌምባንያማ (ዌምቢ) ነበር የምሰጠው። ዱራንት አሁንም ሲተኩስ የሚያቆመው የለም እሱን አልክድም፣ ግን ዌምቢ በጨዋታ 3.8 ብሎክ (የተተኮሰ ኳስ በእጅ ማክሸፍ) ነው፣ ብሎኩን ተዉት፣ ሳይነካው የሚያስቀረውን ነው ማየት ያለባችሁ፣ ጋርዱ በፍጥነት ቅርጫቱ ስር ይደርስና ቀና ብሎ ያየዋል ከዛ ኳሱን ይዞ ተመልሶ ይወጣል፣ እንዲህ ያለው በቁጥር አይመዘገብም። በተጠባባቂነት ገባ፣ ከኦልስታሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ትከሻው ላይ የደም መርጋት ተገኝቶበት ሲዝኑ አለቀ፣ ዘንድሮ በጤና መመለሱ ለኳሱ ሁሉ በረከት ነው።

ስለ ምሥራቅ ተጠባባቂዎች ብዙ አልልም፣ ኬድ ከኒንግሃም 14 ድል ብቻ የነበረውን ዲትሮይትን 44 ላይ ያወጣ ሰው ነው፣ ጋርላንድና ሞብሊ ከሚቸል ጋር ሦስት ሆነው መግባታቸው ለ64 ድል ቡድን አይበዛም፣ ሞብሊም የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሏል። ሲያካም የካሜሩን ልጅ ስለሆነ ሳይሆን ስለሚገባው ገብቷል።

ምዕራቡ ላይ ነው ሆዴን ያቃጠለኝ፣ ሁለተኛው ኮከብም የወደቀው እዚሁ ነው። ተጠባባቂ 7ቱን የሚመርጡት አሠልጣኞች ናቸው፣ የራሳቸውን ልጅ መምረጥ አይችሉም፣ እና ደጋፊው እዚህ ላይ ምንም ድምጽ የለውም። የሎስ አንጀለስ ክሊፐርሱ ኖርማን ፓውል ቀረ። የሳክራሜንቶው ሴንተር ዶማንታስ ሳቦኒስ ቀረ። ሁለቱም!

እዚህ ላይ የጎንደርን ነገር ላንሳ። ኒውዮርክ ማታ 1 ሰዓት ላይ የሚጀምር ጨዋታ እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ እሱን ተነስቶ የሚያይ ጥቂት ነው፣ ሌሊት ወጥቶ ማሳያ ቤት መሄድማ አይታሰብም። የምዕራብ ዳርቻው ጨዋታ ግን፣ የሳክራሜንቶና የሎስ አንጀለሱ፣ እዛ በኒውዮርክ ሰዓት ማታ 4 ሲጀምር እኛ ጋ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ማለትም የኒውዮርክና የቦስተን ሰው ተኝቶ የሚያልፈውን ጨዋታ እኛ ፊታችንን ታጥበን ነው የምናየው። ማራኪ አካባቢ ጀበና ቡና የምታፈላ እትዬ አለች፣ ቲቪዋን በጠዋት ትከፍትልናለች፣ የመጀመሪያውን አቦል እየጠጣን አንደኛውን ሩብ እናያለን፣ ተማሪው ወደ ክፍል ሠራተኛው ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ግማሹ ጨዋታ ያልቃል። እና እትዬ ራሷ ሳቦኒስን ታውቀዋለች፣ «ያ ጺማሙ ዛሬ የለም እንዴ ልጆቼ?» ትላለች ሲቀር። አሜሪካ ውስጥ ድምጽ ሰጪው ስንቱ እንደሷ እንደሚያየው እንጃ።

ፓውልን እናንሳ። ፖል ጆርጅ ክሊፐርስን ለቆ ሄደ፣ ካዋይ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አልተሰለፈም፣ ሁሉም ሰው ይሄ ቡድን አለቀለት ሲል ከቤንች ይገባ የነበረው ፓውል ዋና ተኳሽ ሆነ፣ ሲዝኑን በ21.8 ነጥብ ጨረሰ፣ ከሦስት ነጥብ መስመር ከ41 በመቶ በላይ። ክሊፐርስ 50 ጨዋታ አሸነፈ። ጓደኛው ሃርደን ገባ እሱ ቀረ። ሃርደን አይገባውም ማለቴ አይደለም ኳሱን የሚያደራጀው እሱ ነበር፣ ግን አንቶኒ ዴቪስ ተጎድቶ ምትክ ሲፈለግ እንኳ የተጠራው ካይሪ ነበር። የስም ጉልበት ማለት ይሄ ነው፣ ካይሪን የማያውቅ የለም ፓውልን የሚያውቀው ኳስ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። በ2025 ወደ ማያሚ ሄዷል፣ በምሥራቅ በኩል ሞክሩለት ባካችሁ።

ሳቦኒስ ጋ ስደርስ ግን ረጋ ብዬ ልጽፍ። ሰውየው በ2024-25 በጨዋታ 13.9 ሪባውንድ ነበረው፣ ከሊጉ 1ኛ፣ ያውም ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት 1ኛ። 19 ነጥብ፣ 6 አሲስት። ከዛ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 61 ተከታታይ ጨዋታ ደብል ደብል (ከነዚህ በሁለቱ 10 እና ከዛ በላይ) ሠርቷል፣ በዘመናዊው ኤንቢኤ እንዲህ ያረገ የለም፣ ያኔም ኦልስታር አልተጠራም። ሲዝኑ ሲያልቅ ግን ከሊጉ ምርጥ 15 ተጫዋቾች ውስጥ ሦስተኛው ምርጥ ቡድን ላይ ተመረጠ! እስኪ አስቡት፣ በጥር ከምዕራብ ምርጥ 12 ውስጥ የለህም ተባለ፣ በግንቦት ከመላው ሊግ ምርጥ 15 ውስጥ ነህ ተባለ። ሰውየው አልተቀየረም፣ ያዩት ዓይኖች ናቸው የተቀየሩት።

ምክንያቱን ሲናገሩ መከላከል ላይ ደካማ ነው፣ ብሎክ የለውም፣ አይዘልም ይላሉ። ልክ ነው ብሎክ የለውም። ግን ማጥቃቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ ነጻ ቅጣት ምት መስመሩ ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ ኳሱን በሁለት እጁ ወደ ሆዱ ይይዘዋል፣ ጋርዱ በአጠገቡ ሲሮጥ ትከሻውን ለተከላካዩ ያስቀምጥለትና ኳሱን እጅ በእጅ ያቀብለዋል፣ ተከላካዩ ግድግዳ እንደገጨው ሰው ይቆማል፣ ጋርዱ ነጻ ሆኖ ይተኩሳል። ተከላካዩ ይሄን አውቆ ቀድሞ ቢዘል ሳቦኒስ ኳሱን አይሰጥም፣ ራሱ ዞሮ ይገባል። በጨዋታ ደጋግሞ ደጋግሞ ያረገዋል፣ ሃይላይት ላይ አይወጣም፣ ሰው የተኮሰውን ነው የሚያየው። የመታውማ ይታወቃል፣ ተኳሹን ነጻ ያወጣው ትከሻ ነው የማይታወቀው። አምና ዓመቱ ለሳክራሜንቶ የመከራ ነበር፣ አሠልጣኙ ማይክ ብራውን በታኅሣሥ ተባረረ፣ ዲአሮን ፎክስ በጥር መጨረሻ ተሸጠ፣ በዚህ ሁሉ መሐል አብዛኛውን ጠዋት ያልጠፋው እሱ ነው።

ይባስ ብሎ የአምናው ኦልስታር ጨዋታ ሳንፍራንሲስኮ ላይ በአራት ቡድን ነበር፣ አራተኛው ቡድን የወጣቶቹን ውድድር ያሸነፈው ነው። ማለት ኦልስታር ያልተባሉ ልጆች በኦልስታር ሜዳ ላይ ተሰለፉ፣ የሊጉ ሪባውንድ አንደኛ ቤቱ ተቀመጠ። ሌብሮንም ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው አልሰለፍም አለ፣ በሱ ቦታም ማንም አልተጠራም። ልጆቹ ላይ ክፋት የለኝም፣ ግን ይሄን ያቀደው ሰው ምን እያሰበ ነበር? ፍጻሜው መሐል ላይ ጨዋታው ቆሞ ረጅም ዝግጅት ገባ፣ እትዬ ቤት ያለነው አለቀ ብለን ተነስተን ነበር። ኩሪ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ እሱ እንኳን ደስ አለው፣ በገዛ ሜዳው ነው።

ዘንድሮ ሁለት የአሜሪካ ቡድንና አንድ የዓለም ቡድን ይሆናል ተብሏል፣ 16 አሜሪካዊ እና 8 የውጭ ተጫዋች ካልሞላ ኮሚሽነሩ (የሊጉ ኃላፊ) ይጨምራል። የዓለም ቡድን የሚለው ሐሳብ ለኛ አፍሪካውያን ጥሩ ነው፣ ሲያካም ካሜሩን፣ ያኒስ ወላጆቹ ናይጄሪያ፣ ዌምቢ አባቱ ኮንጎ። ከጎረቤታችን ደቡብ ሱዳንም ሉኦል ዴንግ በ2012 እና በ2013 ኦልስታር ነበር፣ የዛን አገር ቡድን በ2024 ለንደን ላይ አሜሪካን 101 ለ100 እስኪሸነፍ ድረስ እንዴት እንዳስጨነቀው ያየ ሰው ከዚህ አካባቢ ተጫዋች ሊወጣ እንደሚችል ይገባዋል።

አሁን ወደ ድምጹ። ሌብሮን። አውቃለሁ ስሙን ስጽፍ የምትቆጡ አላችሁ። እስከ 2025 ድረስ 21 ተከታታይ ዓመት ኦልስታር የሆነ ሰው ነው፣ ከሱ በላይ የተመረጠ የለም፣ እኔም ኳስ ማየት የጀመርኩት በሱ ነው። ዘንድሮ ግን በነርቭ ሕመም የሲዝኑን የመጀመሪያ 14 ጨዋታዎች አልተሰለፈም። በ2003 ቪንስ ካርተር ተጎድቶ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጫወት ደጋፊው በስሙ ብቻ መርጦት ነበር፣ በኋላ ቦታውን ለማይክል ጆርዳን ለቀቀ፣ ያ የጨዋነት ሥራ ነው ግን መጀመሪያውኑ ያ ቦታ ሲጫወት ለከረመ ሰው ነበር የሚገባው። ስለዚህ ሌብሮንን አሠልጣኞቹ በተጠባባቂ ቢጠሩት ደስ ይለኛል፣ ከዋናዎቹ አምስት ውስጥ ግን ድምጼን አልሰጠውም። እየከበደኝ ነው የምለው፣ ግን አልሰጠውም።

ከምዕራብ ሼይ፣ ዮኪች፣ ዶንቺች ያለጥያቄ፣ ዶንቺች አምና በነሱ ገና ቀን ተጎድቶ ቀርቷል ዘንድሮ ግን በሌከርስ ማልያ ማንም አልቻለውም። የቀሩትን ሁለት ቦታ እስከ መጨረሻው ሳምንት አልሞላም፣ ኤድዋርድስ ይሁን ዌምቢ ጤናቸውንና የተሰለፉበትን ጨዋታ አይቼ ነው። ከምሥራቅ ኬድ የመጀመሪያው ስም ነው፣ ዲትሮይት 13 ተከታታይ ጨዋታ ሲያሸንፍ መሪው እሱ ነበር፣ ቀጥሎ ማክሲ፣ ብራንሰን፣ ቴተም አኪለሱ ተበጥሶ ቦስተንን ብቻውን የተሸከመው ጄለን ብራውን፣ እና ሚቸል። ያኒስ ካገገመና ቡድኑን ካነሳ ሚቸልን አስወጥቼ እሱን አስገባለሁ።

እንግዲህ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፣ ነጻ መሆኑ፣ ለሁሉም እኩል መሆኑ፣ የቦታ ክፍፍሉ መቅረቱና ሕጉ ዛዛንና ላሜሎን መያዙ ለሦስቱ ይበቃል። የተሰለፉበት ጨዋታ ብዛት ስማቸው ስር ቢጻፍ አራት አረገዋለሁ፣ ከ7ቱ ተጠባባቂ አንዱን ደጋፊ እንዲመርጥ ቢፈቀድ አምስት። የምትሞክሩ ልጆች አካውንቱን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ ኢሜይላችሁን የምታስታውሱትን አርጉት፣ የሚዘጋበትን ቀን አፑ ላይ አይታችሁ በኛ ሰዓት አስሉት፣ ድምጻችሁ በ3 የሚባዛበትን ቀንም አትለፉት። ማራኪ ለምትኖሩ ደግሞ እትዬ ጋ በጠዋት 12 ሰዓት ኑ፣ ሳክራሜንቶ ሲጫወት ቲቪው ክፍት ነው።